ስክሪኑን ማን ይይዛል?

ከአዳማ የኮምፒዩተር ነጋዴዎች ሁሉ ትዕግሥተኛው ፈሪድ ነው፤ ትዕግሥቱን የጨረስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ያለችው ሱቁ በር ላይ ገና ብቅ ስል፣ ሰላም እንኳ ሳልለው፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል።

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እንኳ ለማየት ነው።»

«ልዑልሰገድ፣ ወንድሜ፣ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ የምታውቃቸው። ወይ ግዛ፣ ወይ ግባና ተቀጠርልኝ።»

ሁለቱ ዕቃዎች መስታወቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ዴስክቶፕ ነው፤ ሲፒዩው እንደ ትንሽ ፍሪጅ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፣ ስክሪኑ የቤት መስኮት ያህላል። ሌላው ላፕቶፕ ነው፤ ቀጭን፣ ብርማ፣ ብብቴ ሥር ገብቶ ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል። ዋጋቸው አንድ ነው። ጉልበቱ ያለው ዴስክቶፑ ጋ ነው፣ ነጻነቱ ላፕቶፑ ጋ።

ሥራዬ የቤት ፕላን መሣል ነው። ሰው መሬት ሲያገኝ፣ ወይም ያገኘ ሲመስለው፣ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም ባለ ሁለት ፎቅ፣ ባለ ሦስት መታጠቢያ ቤት እሥልለታለሁ። ከዚያ ወደ ኪራይ ክፍሌ እመለስና የግቢውን መጸዳጃ ቤት ወረፋ እይዛለሁ። አሮጌው ላፕቶፔ ባትሪው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ከሞተ ወዲህ በጓደኛ ማሽን ነበር የምሠራው። ጓደኛም ያልቃል።

ዴስክቶፑን ብገዛ ፕላኑ ሳይንቀራፈፍ ይከፈታል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሥራዬም አብሮ ይጠፋል። ኮረብታው ላይ የንፋስ ማመንጫዎቹ ነጫጭ ክንፋቸውን ቀኑን ሙሉ ያሽከረክራሉ፤ እኛ ከታች ሆነን ሻማ እየፈለግን እናደንቃቸዋለን። ላፕቶፑ ትልቅ ፕላን ሲከፍት ያቃስታል፤ ግን የትም ይሄዳል። እኔም የትም መሄድ እወዳለሁ። ተቀምጬ እንኳ አልቀመጥም፤ እግሬ ከጠረጴዛ ሥር ልክ የስፌት መኪና እንደሚረግጥ ሰው ይንቀጠቀጣል። ፈተና ላይ ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ዞሮ ይገላምጠኝ ነበር።

የዚያን ቀን ግን የወሰንኩ መሰለኝ። ፈሪድ ፊት እንደቆምኩ ፍሬሕይወት ደወለች። ፍሬ የማገባት ልጅ ናት፤ አባቷ ከፈቀዱ።

«ልዑሌ፣ ተቀበሉኝ!»

«እነማን?»

«አርሲ ነገሌ ነዋ! የእህል መጋዘኑ! የስንዴ ጥራት መርማሪ ሆንኩልህ። ወሩ ሳያልቅ ጀምሪ ብለውኛል።»

«እኔስ?»

«አንተማ ትመጣለህ። ፕላን የትም ይሣላል። እዚያ ስንዴ የሸጠ ሁሉ ቤት ይሠራል፤ ሥራ አታጣም። ላፕቶፑን ግዛና ተከተለኝ በቃ።»

ስልኩን ዘግቼ ለፈሪድ «ላፕቶፑ» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እጁን ወደ መስታወቱ ዘረጋ።

«ግን ከእሁድ በኋላ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እሁድ ሽማግሌ ልልክ ነበር። አባቷ እምቢ ካሉ አርሲ ነገሌ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?

የፍሬ አባት ጋሽ ንዋይ የድሮው ምድር ባቡር ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። ከትንሿ መስኮት ጀርባ ተቀምጠው ስንቱን ወደ ድሬዳዋ፣ ስንቱን ወደ አዲስ አበባ ሸኝተዋል፤ እሳቸው ግን ከሞጆ አልፈው አያውቁም። ባቡሩ ከቀረ በኋላም ጣቢያው ጀርባ ያለችውን ቤታቸውን አልለቀቁም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ከደጃፋቸው ርቆ መሄድም ትተዋል። ሰው የሚሄደው እሳቸውን አልፎ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያ ነበር።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። አንደኛው አጎቴ ጋሽ ሐዲስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ንግግር ከጀመሩ የማይጨርሱ። ሁለተኛው የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሐጂ አብዱልጀባር ናቸው፤ ጋሽ ንዋይን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። ሦስተኛው ለቁጥር የተጨመሩ ናቸው፤ ሥራቸው «እህ» ማለት ነው።

ልጁ እዚያ አይገኝም፤ ወጉ ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። እግሬ ባጃጁን ስለሚያነቃንቀው ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። «ወንድም፣ ሞተሩን ያስነሳሁት መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ» አለኝ።

ሲወጡ ጋሽ ሐዲስ ፊታቸው ጠቁሯል። ሐጂ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል።

«እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«ገባን። ተቀመጡ አሉን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው አልኩ። ስለ ዘር ይጠይቁኛል ብዬ ሰባት ቤት ቆጥሬ፣ አጥንቼ ነበር የሄድኩት…»

«እሺ?»

«ሥራው ምንድነው አሉ። በኮምፒዩተር ነው አልኩ። ምን ዓይነት ኮምፒዩተር አሉ።»

«ወላሂ» አሉ ሐጂ፣ «ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ገብቻለሁ፤ ሙሽራው ይሰክራል ወይ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ይማታል ወይ ሲባል ሰምቻለሁ። የሚታጠፍ ነው ወይስ የሚተከል ሲባል ግን ገና ዛሬ ሰማሁ።»

«ምን?»

«‹ጠረጴዛ ላይ የሚተከለው ነው ወይስ የሚታጠፈው? የሚታጠፈው ከሆነ ልጄን አልሰጥም› አሉ» አሉ ጋሽ ሐዲስ።

ምክንያቱ ገባኝ። የፍሬ ታላቅ እህት ቤዚ ባል ነበራት፤ ባሏ ላፕቶፕ ነበረው። አንድ ማለዳ «ሀዋሳ ለሥልጠና ደርሼ ልምጣ» ብሎ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ወጣ። አሁን ሀዋሳ ሆኖ ከሌላ ሴት የወለደውን ልጅ የክርስትና ፎቶ ይለጥፋል። ቤዚ የራሷን ልጅ ይዛ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ጋሽ ንዋይ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው ጥፋቱን ማጠፊያው ላይ አገኙት፤ ሥራው ታጥፎ ቦርሳ የሚገባለት ሰው እሱም አብሮ ይሄዳል።

«ታዲያ ምን መለሱላቸው ጋሼ?»

«ምን እመልሳለሁ! የሚተከል ነው አልኩ። እንደ ዋርካ የተተከለ ነው አልኩ። እኛ ሦስታችን ብንገፋው አይነቃነቅም አልኩ።»

«እህ» አሉ ሦስተኛው ሽማግሌ።

«ጋሼ! እኔ እኮ ምንም ኮምፒዩተር የለኝም!»

ጋሽ ሐዲስ ኮታቸውን አስተካከሉ። «እሱን አላውቅም። ሽማግሌ አይዋሽም። እኔ አንዴ ከተናገርኩ በኋላ፣ እንዳልዋሸሁ ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው። ቅዳሜ መጥተው ያዩታል።»

ፍሬ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ካለች ጁስ ቤት ውስጥ ጭማቂዋን ሳትነካ ሰማችኝ።

«ዋርካ?»

«ዋርካ።»

«ዋርካ አርሲ ነገሌ ይሄዳል?»

«ለጊዜው ነው ፍሬዬ። ይዩት፣ ይፍቀዱ፣ ከዚያ…»

«ከዚያ ምን? ወይ ላፕቶፑን ገዝተህ ፊት ለፊት ትነግረዋለህ፣ ወይ…»

«አንቺስ ሥራው ነገሌ እንደሆነ ነግረሻቸዋል?»

ስትሮዋን አንዴ ጠመዘዘችው። «አንተን ከፈቀደ በኋላ እነግረዋለሁ።»

 እግሬ ጠረጴዛውን ሲንጠው ጭማቂው ከብርጭቆው አፍ ፈሰሰ፤ በናፕኪን ጠረገችውና ተነሥታ ሄደች።

ዴስክቶፑን ገዛሁ። ፈሪድ ሲያሽግልኝ «ላፕቶፕ አላልክም ነበር?» አለኝ። ሽማግሌ ቀደመኝ አልኩት። እሱም ያገባ ሰው ስለሆነ ሁለተኛ አልጠየቀም።

አከራዬ እትዬ እልፍነሽ ዕቃው ሲገባ ግቢውን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ስክሪኑ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ሲፒዩው ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ቆሟል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሙቀቱን በላይ በኩል ነው የሚያስወጣው።»

«አማትህ እስኪያዩት ይታፈን!»

ጋሽ ንዋይ ከከዘራቸው ጋር ገቡ። ቤቱን አላዩም፣ እኔንም አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ዳንቴሉ ሄደው ገለጥ አደረጉት። ስክሪኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት፣ ከዚያም ጠበቅ አድርገው ገፉት።

«አይታጠፍም?»

«አይታጠፍም።»

«ይሄስ?» ሲፒዩውን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«እሱ ነው ዋናው። ካለ እሱ አይሠራም።»

«ገመዱ ብዙ ነው።» ይሄ ደስ አሰኛቸው። ከግድግዳው እስከ ጠረጴዛው ያለውን ገመድ ሁሉ በዓይናቸው ተከተሉት። እኔ ለማሳያ የአንድ ደንበኛ ቤት ከፈትኩላቸው፤ ደረጃው፣ ሳሎኑ፣ በረንዳው ስክሪኑን ሞልቶ ቁጭ አለ። ልክ «ይሄ ደግሞ መኝታ ቤቱ…» ስል መብራት ጠፋ። ባለ ሁለት ፎቁ ቤት ከነበረንዳው ጨለመ።

አበቃልኝ ብዬ ነበር። ጋሽ ንዋይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«መብራት ሲጠፋ አብሮ ይተኛል?»

«አብሮ ይተኛል።»

«ደግ ነው። ያ የቤዚ ባል መብራት ጠፍቶ እንኳ ሲጎረጉር ነበር የሚያድረው።» ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወደ ታች አዩ። «እግርህ ግን አያርፍም።»

በሁለት እጄ ጉልበቴን ያዝኩት።

«ዕቃህ የተተከለ ነው፤ እግርህ ግን መንገደኛ ነው። ቲኬት ስቆርጥ መስኮቱ ጋ የሚቆሙ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ አልተመለሱም።» ከዚያ ተነሡ። «ለማንኛውም ሐዲስ አልዋሸም። ልጄን ሰጥቻለሁ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ።»

እትዬ እልፍነሽ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሮ እልልታቸውን ለቀቁት። እኔ ግን ደስታዬን ልጀምር ስል የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ፤ ዴስክቶፑ ነው ብል አላጋነንኩም።

ማታ ፍሬ ደወለች። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

«ነገርኩት።»

«ተቆጡ?»

«አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ‹ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሥሪ፤ ባልሽ እዚህ ነው፣ ትመለሻለሽ። ችካሉ እዚህ ከሆነ ገመዱ ቢረዝም ምን አለ› አለኝ። ልዑልሰገድ፣ እኔ ፍየል ነኝ?»

«ፍሬዬ…»

«አንተ ደግሞ ችካል ለመሆን ስክሪን ገዛህ። ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ። መምጣት ከፈለግህ ታውቀዋለህ። ካልሆነ ዋርካህን አግባ፣ ዳንቴልም አልብሰውላችኋል ተብሏል።»

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልጠየቅ። ሥራ ልሥራ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ለአንድ ምስኪን ነጋዴ ወደ የትም የማይወጣ ደረጃ ሥዬ አገኘሁት። ተነሣሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። ንፋሱ አቧራውን ከገንደ ጋራ ሰፈር እስከ አስፋልቱ ይነዳል፤ ኮረብታው ላይ ማመንጫዎቹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከቆሙበት ግን ንቅንቅ አይሉም። ራሴን ያየሁ መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። እግሬ ፈሪድ ሱቅ ወሰደኝ።

«ቀይርልኝ።»

ፈሪድ ከኋላው የተለጠፈውን ወረቀት በአገጩ አመለከተኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል።

«ፈሪድ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። ላፕቶፑን ስጠኝ፣ ያንን ልመልስልህ።»

«ሸጥኩት። ትናንት አንድ ሰውዬ ገባ፣ ጠየቀ፣ ከፈለ፣ ወጣ።» ራሱን ነቀነቀ። «እንደዚህ ያለም ሰው አለ ለካ።»

በዚያ ቀን የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሚታጠፈው ከሌለ የማይታጠፈውን መሸከም እንዳለ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሲፒዩውን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ስክሪኑን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩ። እትዬ እልፍነሽ ዳንቴሉን አጥፈው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ፤ «እዚያም ሰው ሊያይ ይመጣል» አሉኝ። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ወያላው «ባቱ! ነገሌ! ሻሸ!» እያለ ይጮሃል። እኔን ሲያይ ጩኸቱን አቆመ።

«ሰውየው፣ ልጁን ክርስትና ልታስነሣ ነው? አፍነህ እንዳትገድለው፣ ገለጥ አድርገው!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ቆሎ ሻጮቹ ሳቁ፤ ከማዶ የቆመው መኪና ረዳት ሊያይ መጣ። ፍሬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። አየችኝ፣ ጋቢውን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከመኪናው በር አጠገብ ሻንጣዋን ይዘው የቆሙት ደግሞ ጋሽ ንዋይ ናቸው። ሊሸኟት መጥተዋል።

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የት ነው?»

ጥገና ቤት ልወስደው ነው ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ጋቢው ውስጥ ያለው ብረት ግን ሆዴ ላይ ተጋድሟል፤ በዚያ ላይ ሌላ ውሸት የምሸከምበት እጅ አልነበረኝም።

«ነገሌ» አልኩ። «ጋሽ ንዋይ፣ ሽማግሌዎቹ እርስዎ ቤት የገቡ ቀን ይሄ ዕቃ አልነበረኝም። ጋሽ ሐዲስ ከተናገሩ በኋላ ነው የገዛሁት፣ እርስዎን ፈርቼ። የምሄደው ግን ፍሬን ብዬ ነው። እስክንጋባ ከቤቷ ማዶ ለብቻዬ ክፍል እከራያለሁ። እምቢ ካሉኝ… እምቢ ካሉኝም ዕቃውን አድርሼ ተመልሼ ደጅዎ እቆማለሁ።»

«አባዬ» አለች ፍሬ በመስኮቱ፣ «እኔ ነኝ ና ያልኩት።»

ጋሽ ንዋይ ቀረብ ብለው ጋቢውን በጣታቸው አንኳኩት፤ ቆርቆሮው መለሰላቸው።

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«አስቀምጠው።»

«አቧራ ይገባዋል።»

 ጋቢና የተቀመጡ ሴትዮ «ኧረ ፀሐይ ሳይበረታ ይግባ ወይ ይቅር!» አሉ። ጋሽ ንዋይ ግን ወደ ታች፣ ወደ እግሬ ያያሉ። እኔም አብሬ አየሁ። ሁለቱም እግሮቼ መሬቱን ረግጠው ቆመዋል፤ አንዱም አይንቀሳቀስም። ከብዶኝ ነው መሰለኝ።

«የቤዚ ባል ሲሄድ ቦርሳው ቀላል ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በር ላይ ተቀምጬ አለፈኝ፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። አንተን ግን መናኸሪያው በሙሉ እየሳቀብህ ነው።»

«አዎ።»

«ሰው እየተሳቀበት አይጠፋም። ሊጠፋ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ጣጣ ምን አስያዘው?» ወደ ወያላው ዞሩ። «አስገባው።»

ፍሬ መስኮቱን ይዛ ማልቀስም መሳቅም ጀመረች። እኔ ሲፒዩውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጎኗ ተደላደልኩ። ወያላው ግን ካርቶኑን አንሥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይሄ ጣሪያ ላይ ይውጣ።»

«ስክሪን ነው፣ ይሰበራል!»

«ታዲያ ስክሪኑን ማን ይይዛል? እኔ እንዳልይዘው በር ዘጊ ነኝ። አንድ ወንበር ነው የቀረኝ፣ እሱም ለሰው እንጂ ለዕቃ አይደለም።»

ፍሬ ጭን ላይ የስንቅ ዕቃ አለ። እኔ እጅ የለኝም። ጋሽ ንዋይ የቀረችውን ወንበር አዩዋት። ከትንሿ መስኮት ጀርባ ተቀምጠው ዕድሜ ልካቸውን ለሌላ ሰው ሲሰጡ የኖሩት ዓይነት ወንበር ናት።

«ቲኬት ስጠኝ» አሉ።

«አባዬ?»

«ስክሪኑን አድርሼ እመለሳለሁ።»

«ቲኬት የለም አባት፣ መንገድ ላይ ነው የምንሰበስበው።»

«ያለ ቲኬት አልሳፈርም።»

ወያላው ወደ እኛ አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከካርቶኑ ክዳን ላይ ቁራጭ ቀድዶ ሰጣቸው። ጋሽ ንዋይ ፊትና ጀርባውን መረመሩት፤ ጫፉን በጥፍራቸው ቀደድ አደረጉና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ገብተው ስክሪኑን እንደ ልጅ ታቀፉት።

እስከ ሞጆ ድረስ ጋሽ ንዋይ ይሄ የማን ሰፈር እንደሆነ፣ ያኛው ጠጠር ከየት እንደሚወጣ ሲነግሩን ሄዱ። ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች የተሰለፉበትን አለፍን። የቆዳ ፋብሪካዎቹን ሽታ አለፍን። ከሞጆ ስንወጣ ጋሽ ንዋይ ዝም አሉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገዋል፤ ሜዳው ከፊታቸው ተዘርግቷል፤ ስሙን አያውቁትም።

ትንሽ ቆይቶ ካርቶኑ ኮሽ ኮሽ ማለት ጀመረ። እኔ ነኝ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ። እኔ አልነበርኩም።

«አባዬ» አለች ፍሬ፣ «እግርህን አሳርፍ፣ ስክሪኑ ይሰበራል።»

«መኪናው ነው» አሉ።

መኪናው ግን የፈጣን መንገዱ ክፍያ በር ላይ ቆሞ ነበር።